ሆርን ስፒከር ለቤት፦ የሚሰጠውና የሚጠይቀው

ለቤት የተሠራ አንድ መደበኛ ስፒከር 100 ዋት ኤሌክትሪክ ቢገባለት ድምፅ ሆኖ የሚወጣው 1 ዋት አካባቢ ብቻ ነው። ቀሪው 99 ዋት ሙቀት ይሆናል። ስፒከሩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅል፣ ኮይል የሚባለውን፣ አሙቆ ይጠፋል። ይህ የብልሽት ምልክት አይደለም። በጣም ውድ የሚባለውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሆርን ስፒከር ይህን ስሌት ይለውጠዋል። ፊቱ ላይ እንደ ጡሩምባ እየሰፋ የሚወጣ አፍ ያለው ስፒከር ማለት ነው። በደንብ የተሠራ ሆርን ከሚገባለት ኃይል ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ወደ ድምፅ መለወጥ ይችላል። ልዩነቱ አስር እጥፍና ከዚያም በላይ ነው።

እንዲህ ከሆነ ለምን በየቤቱ አናየውም? አንዱ ምክንያት ፊዚክስ ነው፤ እሱን በዝርዝር እናየዋለን። ሌላው ያወጣው ስም ነው። «ይጮሃል»፣ «ጆሮ ይበሳል»፣ «በአፍንጫው ያወራል» የሚሉት ብዙ ናቸው። አንዴ ሰምተውት ወደ ሌላ ስፒከር መመለስ ያቃታቸውም አሉ። እኔ ከሚወዱት ወገን ነኝ፤ አስቀድሜ ልናገር። ግን ጉድለቱን ሳያውቅ የገዛ ሰው በመጨረሻ የሚተርፈው ትልቅ ሳጥን ብቻ ስለሚሆን፣ ጉድለቱንም እንደ ጥቅሙ ሳልሸፍን እጽፋለሁ።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

ስፒከር የሚገፋው አየር ነው። አየር ደግሞ በጣም ቀላል ነገር ነው። ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራው ኮን ከፊቱ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው። ስለዚህ ኮኑ ወደፊት ሲሄድ አየሩ አይገፋም፤ ወደ ጎን ሸሸት ይላል። አብዛኛው ጉልበት ኮኑን ራሱን ወዲያና ወዲህ በማመላለስ ይባክንና ኮይሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አየሩ «የሚይዘው» ነገር አላገኘም ማለት ነው።

ሆርን የሚያደርገው አየሩ እንዳይሸሽ መከልከል ነው። በሆርን ውስጥ እንደ ኮን እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን ዲያፍራም ይባላል፤ ከዲያፍራሙ ፊት ለፊት ጠባብ ጉሮሮ አለ። እዚያ ያለው አየር መውጫው ጠባብ ስለሆነ ይታመቃል፣ ይከብዳል። ዲያፍራሙም በደንብ ይገፋዋል። ከዚያ ጉሮሮው ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄድና ግፊቱ ወደ ሰፊ የአየር እንቅስቃሴ ይለወጣል። አፉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሳይንገጫገጭ ወደ ክፍሉ ይገባል። ሩቅ ያለ ሰው ስንጠራ ሁለት እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን የምንጣራው በዚሁ ሕግ ነው። ጉሮሯችን ተጨማሪ ጉልበት አላወጣም፤ ያው ጉልበት ግን ሩቅ ደረሰ።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። ሆርን ኃይል አይጨምርም። ባትሪ የለውም፣ ሶኬት ላይ አይሰካም። የሚያደርገው ሊባክን የነበረውን ማዳን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የድምፅ ቴክኖሎጂ ታሪክ በሆርን የጀመረው። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፉን፣ ድምፅ ቀድቶ የሚያሰማውን መሣሪያ፣ ሲሠራ አምፕሊፋየር የሚባል በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያጎላ ነገር አልነበረም። የመርፌዋን ትንሽ ንዝረት ለክፍል የሚበቃ ድምፅ የሚያደርግ ሆርን ብቻ ነበር። በኋላ በ1920ዎቹ ፊልም ድምፅ ማውጣት ሲጀምር የነበሩት አምፕሊፋየሮች ጥቂት ዋት ብቻ ነበር የሚሰጡት። በዚያች ጥቂት ዋት በሰው የተሞላ ትልቅ ሲኒማ ቤት ማሰማት የተቻለው በግዙፍ ሆርኖች ነው። ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1926 ያወጣው 555 የተባለው ድራይቨር (ሆርኑ ጉሮሮ ላይ ተገጥሞ ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል) የዚያ ዘመን ዋና ምልክት ነው። እስከ ዛሬ የሚፈልጉት ሰብሳቢዎች አሉ።

ቤት ውስጥ ትርፉ ምንድን ነው?

«እኔ ሲኒማ ቤት የለኝም፤ ይህ ሁሉ ጉልበት ምን ያደርግልኛል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ለማየት ግን ትንሽ ቁጥር ያስፈልገናል።

ስፒከር ሲሸጥ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አብሮ ይጻፋል። 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) እንደሚያሰማ የሚናገር ነው። የተለመደው የቤት ስፒከር ከ84 እስከ 90 ዴሲቤል ይደርሳል። ሆርን ስፒከሮች ከ95 እስከ 105 ይሄዳሉ። ዴሲቤል እንደ ሜትር ወይም ኪሎ አይቆጠርም። በ3 ዴሲቤል ለመጨመር ሁለት እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በ10 ዴሲቤል ለመጨመር አስር እጥፍ። ጆሯችን ግን ያንን የ10 ዴሲቤል ጭማሪ የሚሰማው ወደ ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ አድርጎ ነው።

አሁን ሶፋችን ላይ ተቀምጠን ሙዚቃ እየሰማን ነው እንበል። የድምፁ አማካይ 80 ዴሲቤል ነው። ሞቅ ያለ ነው ግን አያስጨንቅም። ችግሩ ሙዚቃ በአማካይ የሚኖር ነገር አለመሆኑ ነው። ከበሮ ሲመታ፣ ፒያኖ በኃይል ሲነካ፣ ኦርኬስትራ አንድ ላይ ሲነሳ ድምፁ ለቅጽበት ከአማካዩ 20 ዴሲቤል ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ያቺ ቅጽበት ጆሯችን ጋ 100 ዴሲቤል ሆና መድረስ አለባት። በመካከል ባለው ርቀት 6 ዴሲቤል ይቀነሳል ብንል ስፒከሩ አጠገብ 106 ያስፈልገናል ማለት ነው።

ሴንሲቲቪቲው 85 የሆነ ስፒከር ለዚህ ወደ 126 ዋት ይፈልጋል። 102 የሆነ ሆርን 2.5 ዋት ይበቃዋል።

ሁለቱም ድምፁን ሊያወጡት ይችላሉ። ልዩነቱ የሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። 126 ዋት ደጋግሞ የተቀበለው ኮይል ይሞቃል። የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ኤሌክትሪክን የመቃወም አቅሙ በ40 በመቶ ያህል ያድጋል። ይህ ሲሆን የሚያልፈው ከረንት ይቀንሳል፤ ድምፁም እስከ 3 ዴሲቤል የሚጠጋ ሊወርድ ይችላል። ማለትም ሙዚቃው ከፍ ማለት በሚገባው ሰዓት ስፒከሩ ዝቅ ይላል። ከበሮው ይደበዝዛል። 2.5 ዋት የተቀበለው ኮይል ግን አልሞቀም።

ሌላም አለ። የሆርን ዲያፍራም ያንኑ ድምፅ ለማውጣት የሚጓዘው ርቀት በጣም አጭር ነው። ማንኛውም ስፒከር ዲያፍራሙ ሩቅ በተጓዘ ቁጥር ድምፁ ይዛባል፤ ማግኔቱም ማቀፊያው ላስቲክም እኩል አይሠሩለትም። ትንሽ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ይዛባል። ሆርን ወዳዶች «ድምፁ አይጨናነቅም»፣ «ሕያው ነው» የሚሉት ይህንን ነው። ስሜት ብቻ አይደለም፤ በመሣሪያ የሚለካ ነው።

እኔ ዋናው ትርፍ የምለው በዝቅተኛ ቮልዩም የሚሰማውን ነው። ማታ ሰው እንዳይረበሽ ድምፅ ቀንሰን ስንሰማ ብዙ ስፒከሮች ይተኛሉ። ጥሩ ሆርን ግን ድምፁ ቢቀነስም ከበሮው ከበሮ፣ ክራሩ ክራር ሆኖ ይቀራል። ሆርን የሚገዛው ጩኸት የሚወድ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ድምፁን ወዴት ይልከዋል?

ሆርን ጉልበት ከማዳን በተጨማሪ የድምፁን አቅጣጫ ይወስናል። በእኔ እምነት ለዛሬ ቤት ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይወራለትም።

ተራ ስፒከር ድምፁን ወደ ብዙ አቅጣጫ ይረጫል። የተወሰነው ቀጥታ ጆሯችን ጋ ይመጣል። የተቀረው የጎን ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን መትቶ ጥቂት ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ባዶና ግድግዳው ጠንካራ በሆነ ክፍል ውስጥ የዘገየው ድምፅ ከቀጥታው ጋር ይደባለቃል። የዘፋኙ ቃል ይደበዝዛል። ብዙ መሣሪያ አብሮ የሚጫወትበት ሙዚቃ ከሆነ አንዱ መሣሪያ ከሌላው አይለይም።

ሆርን ድምፁን በተወሰነ ማዕዘን ይልካል። ለምሳሌ ወደ ጎን 90 ዲግሪ፣ ወደ ላይና ወደ ታች 60 ዲግሪ። ከዚያ ውጭ የሚሄደው ትንሽ ነው። ስለዚህ ጣሪያና ግድግዳው ከጨዋታው በከፊል ይወጣሉ። ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ምንጣፍና መጋረጃ ለሌለበት ክፍል ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ዋጋም አለው። ከዚያ ማዕዘን ውጭ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የተቆረጠ ድምፅ ነው። ቀጭኑ፣ ጥርት ያለው ክፍል ይጎድልበታል። አንድ ሰው መሃል ተቀምጦ የሚሰማበት ቤት ከሆነ ችግር የለውም። እንግዳ የሚበዛበት፣ ሰው እዚህም እዚያም የሚቀመጥበት ሳሎን ከሆነ ግን ያስቸግራል። ደግሞም ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ሙዚቃው ክፍሉን ሞልቶ እንዲከባቸው የሚወዱ ሰዎች አሉ። ለእነሱ ሆርን ደረቅ ሊሆንባቸው ይችላል። ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት አይባልም።

የድሮዎቹ ሆርኖች በዚህ በኩል ከባድ ጉድለት ነበረባቸው። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ የሚልኩበት ማዕዘንም አብሮ ይጠባል። ወፍራሙን ለሁሉም፣ ቀጭኑን መሃል ላለው ሰው ብቻ ያከፋፍላሉ ማለት ነው። ይህ ነገር በትክክል መልስ ያገኘው በ1970ዎቹ ነው። ዶን ኪል የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1975 ያቀረበው የሆርን ቅርፅ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ተቀራራቢ ማዕዘን የሚሰጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዌቭጋይድ የሚባሉት፣ አጠር ያሉና ጠርዛቸው ለስለስ ያሉ ሆርኖች መጡ። ዛሬ በብዙ የቀረጻ ስቱዲዮ ስፒከሮች ላይ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ትዊተር በሳህን መሰል ጎድጓዳ መሃል ተቀምጣ ትታያለች። ያ ጎድጓዳ ለጌጥ አይደለም፤ የሆርን ታናሽ ወንድም ነው። ስለዚህ ሆርን አልሰማሁም የሚል ሰው ሳያውቀው ሰምቶት ሊሆን ይችላል።

«በአፍንጫው ያወራል»

ወደ ስሙ እንምጣ። እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን ስንናገር ድምፃችን ሩቅ ከመድረሱ በተጨማሪ ይለወጣል። የታፈነ፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ይሆናል። መጥፎ ሆርንም ይህንኑ ያደርጋል። ስሙ በከንቱ አልወጣም።

ዋናው ምክንያት የሆርኑ አፍ በድንገት ማለቁ ነው። ድምፅ በጠባብ መንገድ ሲጓዝ ቆይቶ በአንዴ ሰፊ ክፍል ሲገጥመው ሁሉም አይወጣም። ከፊሉ ከአፉ ተመልሶ ወደ ጉሮሮው ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። ይህ መመላለስ አንዳንድ ድምፆችን ያጎላል፣ ሌሎቹን ይቀንሳል። ጆሮ ይህን ወዲያው ይይዘዋል፤ በተለይ በሰው ድምፅ ላይ። መፍትሄው አፉን በበቂ ስፋት መሥራትና ጠርዙን ወደ ኋላ አዙሮ ማለስለስ ነው። ቦታም ሥራም ይፈልጋል፤ ርካሽ ሆርኖች የሚቆጥቡት እሱን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሆርኑን ከአቅሙ በታች ማሠራት ነው። እያንዳንዱ ሆርን በደንብ የሚሠራበት ዝቅተኛ ወሰን አለው። ከዚያ በታች የሆነ ወፍራም ድምፅ ሲሰጠው አየሩን መያዝ ያቅተዋል፤ ዲያፍራሙ በከንቱ ይወራጫል። ከ800 ኸርዝ (በሰከንድ 800 ንዝረት) ጀምሮ እንዲሠራ የተነደፈችን ትንሽ ሆርን ከ500 ማስጀመር ማለት መጥፎ ድምፅ መጋበዝ ነው። ከዚህ ሌላ ከስስ ብረት የተሠሩት ራሳቸው እንደ ደወል ይንቀጠቀጣሉ። ይህ ግን ቀላሉ ነው፤ ወፍራም እንጨት ወይም ከኋላ የተለጠፈ ማፈኛ ያስወግደዋል።

መሻሻሉ ትልቅ ነው። ዛሬ በጥንቃቄ የተሠራ ሆርን ያንን የአፍንጫ ድምፅ ያሰማል ብዬ አላምንም። የገበያ አዳራሽ ማስታወቂያ የሚነገርበትን የብረት ድምፅ ማጉያ ሰምቶ ሆርንን ሁሉ በዚያ መፍረድ ትክክል አይደለም። ያኛው የተሠራው ንግግር ሩቅ እንዲደርስ ብቻ ነው፤ ለሙዚቃ አልታሰበም።

የማይታለፈው ነገር፦ መጠን

እስካሁን ያነሳናቸው ጉድለቶች በጥሩ ንድፍ ይቀንሳሉ። ይሄኛው ግን ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው።

ሆርን አንድን ድምፅ በደንብ እንዲያወጣ የአፉ ዙሪያ ቢያንስ የዚያን ድምፅ የሞገድ ርዝመት ያህል መሆን አለበት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። 500 ኸርዝ የሆነ ድምፅ፣ የሰው ድምፅ መሃል አካባቢ ማለት ነው፣ የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ክብ ሆርን ከሆነ አፉ 22 ሴንቲሜትር ስፋት ይበቃዋል። ይህ ምንም አይደለም። ወደ 100 ኸርዝ ስንወርድ 1.1 ሜትር ይሆናል። ወደ 40 ኸርዝ፣ ቤዝ ጊታር የታችኛው ክሩን ሲመታ የምንሰማው አካባቢ ስንደርስ ደግሞ ስፋቱ 2.7 ሜትር ይመጣል። የብዙ ሰው ክፍል ጣሪያ ከዚያ ያንሳል። ርዝመቱም በዚያው ልክ ሜትሮችን ይጠይቃል።

ይህን ግድግዳ ለመዝለል ብልሃት ያመጣው ፖል ክሊፕሽ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ስፒከሩን የክፍሉ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ጥግ ላይ ሁለት ግድግዳና ወለሉ ይገናኛሉ። ድምፁ በሁሉም አቅጣጫ ከመሄድ ይልቅ በአንድ ስምንተኛው ብቻ እንዲሄድ ይገደዳል። ስለዚህ የአፉ የቆዳ ስፋትም አንድ ስምንተኛ ይበቃዋል። ለ40 ኸርዝ ወደ 5.9 ካሬ ሜትር ይፈለግ የነበረው ወደ 0.73 ካሬ ሜትር ወረደ። ግድግዳዎቹ ራሳቸው የሆርኑ ማራዘሚያ ሆኑ። ርዝመቱን ደግሞ ሳጥን ውስጥ አጣጥፎ አስገባው። በስሙ የተጠራው ክሊፕሽሆርን ከ1946 ጀምሮ እየተሠራ ይሸጣል። በአንድ ምርት ላይ ይህን ያህል ዘመን መቆየት በዚህ ሙያ ውስጥ ብርቅ ነው።

ግን ክሊፕሽሆርን እንኳ ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ሁለት ነጻ ጥግ ይፈልጋል። በር ወይም መስኮት ያለበት ጥግ አይሆንም። ሁለቱ ጥጎች ከተራራቁ ወይም ከተጠጋጉ ስቴሪዮው ይበላሻል፤ ማስተካከያ ደግሞ የለውም፤ ቦታውን የሚወስነው ቤቱ ነው። የታጠፈ ሆርን ሌላም ጣጣ አለው። ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ 2 ሜትር በሳጥን ውስጥ ዞሮ ሲወጣ ከቀጭኑ ድምፅ 6 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ጆሮ ይህን ምን ያህል ይለያል በሚለው ላይ ሰዎች ይከራከራሉ። ከበሮ ሲመታ ግን ምቱና ውፍረቱ ትንሽ ሲለያዩ እሰማለሁ ከሚሉት አንዱ ነኝ።

ሆርን ከቤት የወጣበትም ምክንያት ከዚሁ መጠን ጋር የተያያዘ ነው። በ1954 ኤድጋር ቪልቹር የተባለው አሜሪካዊ ፈጣሪ ኤአር-1 የተባለ ስፒከር ይዞ መጣ። የተዘጋ፣ በእጅ የሚነሳ ሳጥን ነበር፤ ግን ከዚያ በፊት ግዙፍ ሳጥን ብቻ ያወጣው የነበረውን ጥልቅ ቤዝ ያወጣ ነበር። በምትኩ የሰዋው ሴንሲቲቪቲውን ነው፤ ብዙ ዋት ይበላ ነበር። የዘመኑ ሌላ መሐንዲስ አንቶን ሆፍማን ይህን በሕግ መልክ አስቀመጠው፦ ጥልቅ ቤዝ፣ ትንሽ ሳጥን፣ ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ነው ማግኘት የሚቻለው። በ1958 የስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ላይ ወጣና በየቤቱ አንድ የነበረው ስፒከር ሁለት ሆነ። ሁለት ግዙፍ ሆርን ሳሎን ውስጥ ማን ያስገባል? በ1960ዎቹ ደግሞ በትራንዚስተር የሚሠራ አምፕሊፋየር መጣ፤ ዋት ርካሽ ሆነ። ሰው ትንሹን ሳጥንና ብዙውን ዋት መረጠ። በድምፅ ተሸንፎ አይመስለኝም፤ በቦታ ነው የተሸነፈው።

መሃል ላይ ያለው መንገድ

ክሊፕሽ ራሱ በ1957 ሄረሲ የተባለችውን አነስ ያለች ስፒከር አወጣ። መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ በሆርን፣ ቤዙ በተራ የተዘጋ ሳጥን። ዛሬ ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ ሆርን ስፒከሮች ይህንን መንገድ ነው የሚከተሉት። እኔም ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ጆሯችን በጣም ንቁ የሚሆነው በመካከለኛው ድምፅ ላይ ነው፤ ሆርንም ቦታ ሳይበላ በደንብ የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። ለቤዙ ግን 2.7 ሜትር ከመፈለግ ጥሩ ሳጥን ወይም ሰብዉፈር (ለጥልቅ ቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) መጠቀም ይሻላል።

መጋጠሚያው ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሆርኑ ብቻውን 108 ዴሲቤል ሴንሲቲቪቲ ቢኖረውና ቤዙ 95 ቢሆን፣ ሆርኑ ወደ 95 መውረድ አለበት። የስፒከሩን ጠቅላላ አቅም የሚወስነው ቤዙ ነው። ሌላው የአቅጣጫው ጉዳይ ነው። ቤዙ በሰፊው እየረጨ፣ ሆርኑ በጠባቡ እየላከ ከተገናኙ ድምፁ የተሰፋበት ቦታ ይሰማል። ጥሩ ሠሪዎች ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ማዕዘናቸው እንዲቀራረብ ያደርጋሉ። ትልቅ ዉፈር፣ ማለትም የቤዝ ስፒከር፣ እና ሰፊ ሆርን አብረው የሚታዩት ለዚህ ነው። ቤዙና ሆርኑ ተራርቀው ስለሚቀመጡም ድምፃቸው እስኪዋሃድ ርቀት ይፈልጋል። ለትልልቆቹ ከ3 ሜትር ባላነሰ ርቀት መቀመጥ ያስፈልጋል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤዙ ከታች፣ ዘፋኙ ከላይ ሆነው ለየብቻ ይሰማሉ።

የመዘግየቱን ነገር ዲጂታል መሣሪያዎች አቅልለውታል። ዲኤስፒ የተባለው የድምፅ ማስተካከያ ቀድሞ የሚደርሰውን ሆርን ጥቂት ሚሊሰከንድ አዘግይቶ ከቤዙ ጋር ያስተካክለዋል። ለሆርኑና ለቤዙ ለየራሳቸው አምፕሊፋየር ያስፈልጋል፤ ውጤቱ ግን ድካሙን ይክሳል።

አምፕሊፋየሩን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ትልቅ ዋት አያስፈልግም። 300ቢ በተባለው ቲዩብ፣ ከትራንዚስተር በፊት በነበረው አምፖል መሰል ክፍል፣ የሚሠራ ባለ 8 ዋት አምፕሊፋየር፣ ለተራ ስፒከር የማይበቃው፣ ሆርንን በደንብ ይነዳል። የቲዩብና የሆርን ወዳጅነት ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ሆርን የአምፕሊፋየሩን ጉድለት አይሸፍንም። ሙዚቃው ቆሞ እንኳ የሚሰማ «ሽሽሽ» ወይም «ዝዝዝ» ያለበት አምፕሊፋየር በ85 ዴሲቤል ስፒከር ላይ ላይታወቅ ይችላል። በ105 ዴሲቤል ሆርን ላይ ያው ጫጫታ 20 ዴሲቤል ጨምሮ ይመጣል። ቮልዩሙም ገና ሲነካ በጣም ይጨምራል፤ ጥቂት ከፍ ማድረግ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከዋት ብዛት ይልቅ ጸጥታ ይፈለግ።

ከመግዛት በፊት

ክፍሉ ትንሽ ከሆነ፣ ወንበሩ ከስፒከሩ ሁለት ሜትር የማይርቅ ከሆነ፣ ትልቅ ሆርን አልመክርም። ትንሽ ዌቭጋይድ ያለው ስፒከር የሆርንን ጥቅም በከፊል ይሰጣል፤ ቦታም አይወስድም። ቤቱ የኪራይ ከሆነና መዛወር የሚቀር ካልሆነ የጥግ ሆርን አይታሰብ። ሰፋ ያለ፣ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚሰማበት ክፍል ካለ ግን ሆርንን ሳይሰሙ ሌላ መግዛት ያስቆጫል።

ለመፈተሽ የሚበጀው ያልታጀበ የሰው ንግግር ነው፤ በተለይ የምናውቀው ሰው የተቀዳ ድምፅ። የአፍንጫ ቅላጼ ካለ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ቀጥሎ ፒያኖ ይሰማ፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ አንዳንድ ድምፅ ዘሎ የሚወጣ ከሆነ ሆርኑ የራሱን እየጨመረ ነው። ከመሃሉ ተነስቶ ወደ ጎን መሄድም ጥሩ ነው። ድምፁ ቀስ እያለ ቢቀንስ ደህና፤ በድንገት ቢጠፋ ግን መጥፎ ነው። ቮልዩሙም ዝቅ ተደርጎ ይሰማ፤ ሻጭ ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ስለሚያሰማ ይህንን ራሳችን መጠየቅ አለብን።

የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ስለ ጆሮ ነው። ተራ ስፒከር ሲጮህ ድምፁ ይሻክራል፤ እጃችን ራሱ ቮልዩሙን ይቀንሳል። ሆርን አይሻክርም። ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ምን ያህል ከፍ እንዳለ አይታወቀንም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ ለሥራ ቦታ ያስቀመጠው ወሰን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ሆርን አዲስ የገባበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ ሰሞን ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭኖ ወንበሩ ላይ ሆኖ መለካት ይገባል። ከትክክለኛው መለኪያ ትንሽ ቢዛነፍም፣ 80 ውስጥ ነን ወይስ 95 ውስጥ የሚለውን ይነግረናል።